ቤቢ ማለት ሕፃን አይደለም

ለምወድሽ ልጄ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋሽብኝ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ደህና ነኝ። አፍሽን ስላልቻልኩት በጽሑፍ መጣሁብሽ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም።

አዎ፣ አብራን የነበረችው ጽጌረዳ ቀርጻ በላከችልሽ ቪዲዮ የምትጨፍረው ሴትዮ እኔው ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት ሲኞራዬ፣ አሠሪዬ፣ እረፍት የምትሰጠኝ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ነበርን። አብሮኝ የሚጨፍረው ሽማግሌ ዑቕባሚካኤል ይባላል፣ የአስመራ ሰው ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ያኔ አስመራ የነበሩትን የአሜሪካ ወታደሮች ሬዲዮ እየሰማ ስላደገ የድሮውን ሮክ ኤንድ ሮል በቃሉ ያውቀዋል። እየጨፈርን ይተረጉምልኛል።

መጀመሪያ ቀን፣ እነዚህ ወንዶች ምን ሆነው ነው ለሕፃን እንዲህ የሚያለቅሱት ብዬ ጠየቅሁት። ቤቢ፣ ቤቢ ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ቤቢ ዳይፐር የምቀይርለትን ነው! ስቆ ስቆ እንባው መጣ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ እዚህ ላይ ቤቢ ማለት ሕፃን አይደለም፣ ፍቅሬ ማለት ነው አለኝ። ልጄ፣ አንቺን ለአክስትሽ ትቼ የሰው ቤቢ ሳሳድግ ነው ሮም ላይ ያረጀሁት። እኔን ቤቢ ያለኝ ግን አልነበረም። አባትሽ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ሴትዮ" ነበር የሚለኝ።

የዘፈኖቹ ነገር አንድ ነው። ልጅቷና ልጁ ይዋደዳሉ፤ አባት በር ላይ ቆሞ እምቢ ይላል። በእኔ ላይ ግን በሩ ላይ የቆመችው የወለድኳት ናት! በዚህ ዕድሜሽ አታፍሪም፣ ሰው ምን ይላል አልሽኝ። ሰው ወገቤን ሲያመኝ አላሸልኝም። በመጨረሻም ነጠላሽን አጣፍተሽ ቁረቢ፣ አርፈሽ ተቀመጪ፣ አለበለዚያ እናት የለኝም አልሽ። ይቺ አንጀቴን ቆርጣዋለች፣ አልዋሽሽም።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳዊትም በታቦቱ ፊት ዘሏል ብለው ሳቁ፤ ቁረቢ ያልሽውን ምክር ግን ወደዱልሽ።

ስለዚህ ታዘዝኩሽ። ባለፈው እሁድ ቆርቤያለሁ። ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ቁርባን ደግሞ መመለሻ እንደሌለው ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

በይ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ቤትሽን ሰላም ይሙላው። ንዴትሽ ሲበርድ ደውዪልኝ። ስልኩን ወንድ ቢያነሳው ቁጥር የተሳሳትሽ እንዳይመስልሽ።

እናትሽ፣
ደግሞም ቤቢ