ቢጫዋ ጀሪካን

ባምላኩ፣

ከማደያው ስትመለስ አታገኘኝም። ባጃጇን ይዤ ቡሬ፣ ወንድሜ ዘንድ ሄጃለሁ። ቁልፉ አከራያችን እትዬ ሀብትነሽ ጋ ነው። ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለ፣ ሳይበላሽ ብላው። ጋቢህን ሳልጠይቅህ ወስጃለሁ፤ እልክልሃለሁ።

ሁለተኛው ማደያ ሲከፈት “ከእንግዲህ እነሱ ይለምኑናል” ተባብለን የሳቅነው ትዝ ይልሃል? ባለቤቶቹ አበልጅ ሆነው አረፉት። አንዱ “ቤንዚን አልቋል” ሲል ሌላውም መግቢያው ላይ ገመዱን ይዘረጋል። ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም። አንተ ቀጂ ነህ።

ትናንት ግን ያን ሁሉ ሰልፍ ጨርሼ ፊትህ ስደርስ “የለም፣ ምስክር” አልከኝ።

አመንኩህ።

የማንኩሳ ተሳፋሪዎቼን አውርጄ፣ ባጃጇን እየገፋሁ፣ መንገድ ዳር ከሚቸረችሩት በእጥፍ ልገዛ ሄድኩ። ከተደረደሩት መሃል የቤታችን ጀሪካን ቆማለች። እጀታዋ ሲሰበር በሽቦ ያሰርኳት፣ አንተ “ቦኖ ላይ ተሰረቀች” ያልከኝ። ሻጩን “ቤንዚኑን ከየት አመጣኸው?” ብዬ ብጠይቀው፣ ሳያፍር ስምህን ጠራልኝ።

ባጃጅ ነጂው ገደፋው ባለፈው “ጓደኛህ ቤንዚን በጓሮ ያወጣል” ቢለኝ ስለ አንተ ተደባድቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጀሪካኗን ከነቤንዚኑ ገዝቼ መልሻታለሁ፤ በሩ ሥር ናት። በአመድም በሳሙናም አጠብኳት፣ ሽታው አልለቅ አለ። ውሃ ሞልቼልሃለሁ። እትዬ ሀብትነሽ እንዳይጠጡባት አደራ።

አንተ ግን ለምደኸዋል።

ምስክር