የአባትሽን እጅ ይዤ

ልጄ ጄላጋት፣ ያለሽበት አገር ሰው ሁሉ እንደ እናት ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ እዚህ ኬሪቾ ዝናቡ አላባራም።

ስለ አባትሽ የመጨረሻ ቀን ወንድምሽ ኪፕንጌኖ ያልነገረሽን ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እጁን ይዤ ነበር። «ታፕራንዲች፣ እጄን እንዳትለቂ» አለኝ።

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» አልኩት። ዝም ሲል አሸለበ ብዬ፣ ስለ ወጣትነታችን ማውራቴን ቀጠልኩ። ኪፕንጌኖ ወተት ይዞ ገባና ነካው። «እማዬ፣ እጁ እኮ ከቀዘቀዘ ቆይቷል» አለኝ።

ጣቶቼ ደንዝዘው ቅዝቃዜው አልተሰማኝም፣ ልጄ። ሐኪሙ «ዕድሜ ልክዎን ሻይ ቅጠል ሲለቅሙ የእጅ አንጓዎ ላይ ያለው ነርቭ ታንቋል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» ብሎኝ ነበር። አባትሽ ሲታመም ተውኩት። አሁን ቀዶ ሕክምናውን ሊሠሩልኝ ነው፤ መቼ እንደተለየኝ ግን ማንም አይነግረኝም።

አንቺም ከስፌት ፋብሪካው ስትመለሺ ጣቶቼን ይነዝረኛል ብለሻል። በሞቴ፣ ሳይደነዝዙ ለሐኪም አሳዪ። አምላክ የምትወጂውን ሰው እጅ ሙቀት አይንሳሽ።

እናትሽ ታፕራንዲች