ከድንጋዮቹ ወዲያ ያለው ድንኳን

እሑድ፣ ኦገስት 10፣ ጧት

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፣ ደብተሬ። ግን ለማን ልንገር? እማና አባ ሊለያዩ ነው መሰለኝ።

አባ ከሥራ ጓደኛው ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ተውሶ መጥቷል። እዚህ ናታንያ፣ ዶራ ሰፈር፣ ሕንጻችን ሥር ቆሟል። መውጫ ስለ ዘጋ ጎረቤቱ ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ዕቃ የማወርደው እኔ። እማ ምንም አትነካም። ወገቤን አለች። ሰሞኑን ሳሎን ሶፋው ላይ ብቻዋን ነው የምትተኛው። አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋታል።

ትናንት አባ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ሰው የማይደርስበት የባሕር ዳርቻ የት እንዳለ ይጠይቃል። ናታንያ ባሕር የለም እንዴ? አንዲት የክፍሌን ልጅ ወላጆቿ መፋታታቸውን የነገሯት ሽርሽር ወስደው ነው።

እሑድ፣ ማታ

ደረስን። ከሐይፋ ወዲህ ያለ የባሕር ዳር ፓርክ። ቋጥኝ፣ አሸዋ፣ ነፋስ። ሰው የለም። አባ ካራቫኑን ከመኪናው ፈታ፣ ጎማው ሥር እንጨት ሸጎጠ፣ የብረት እግሮቹን አወረደ። ውስጡ ሦስት አልጋ አለ። ሦስት! እማ ግን ራቅ ብላ ትንሽ ድንኳን ተከለች። ዙሪያውን ድንጋይ ደረደረች። ለነፋሱ ነው ብዬ ነበር። ድንጋዮቹ ግን ድንኳኑን አይነኩትም።

ሰኞ

አባ ሩዝ ቀቀለ። አሳረረው። የእማን ሳህን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። እጅ ለእጅ እንኳ አልተቀባበሉም። እናትሽ ባለ ቪላ ሆናለች ብሎ ሳቀ። እሷም ከወዲያ ሳቀች። ይሄ ይባስ አስፈራኝ። ተስማምተው ጨርሰዋል ማለት ነው።

ከሰዓት ከአባ ጋር በባሕሩ ዳር ዋሻዎች በኩል ዞርን። ዔሊ እንቁላል የጣለችበት ቦታ አለ፣ ሰው እንዳይረግጠው ታጥሯል። አባ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበር። አፉን ከፈተ። ስለ ዔሊዋ አወራ።

ማክሰኞ

አልቻልኩም። ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ድንጋዩን ልሻገር ስል እማ ጮኸች፦ «እዚያው ቁሚ!» አለቀስኩ። ልትፋቱ ነው አይደል፣ አልኳት።

«ከማን? ከዚያ ሩዝ ከሚያሳርር ሰውዬ?»

እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ነገረችኝ። ጎንደር፣ የቤተ እስራኤል መንደራቸው ዳር፣ የሴቶች ጎጆ ነበር። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት እዚያ ትሰነብታለች። ዙሪያው ድንጋይ ነው፣ ምግቧ እዚያ ላይ ይቀመጥላታል፣ ባሏም ሌላ ሰውም አይነካትም። በሰባተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ወንዝ ወርዳ ትታጠባለች። እማ ትንሽ ልጅ ሳለች የእናቷን ንጹሕ ልብስ ይዛ ወንዙ ዳር ትቆም ነበር። የራሷ ተራ ሳይደርስ ወደዚህ፣ ወደ እስራኤል፣ መጡ። ዶራ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? ሶፋ ነው ያለው። የናታንያ ባሕር ደግሞ ሰው አይጠፋበትም። አንድ ጊዜ ብቻ እንደ እናቴ ልሁን ብላ አባን ለመነችው። ለእኔ መንገር አፈረች። ዓይን አፋርነቴ ከማን እንደመጣ አሁን ገባኝ።

ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። እኔ እንዲህ መቀመጥ የምፈልግ አይመስለኝም። ድንጋዮቹን ግን የደረደረቻቸው ራሷ ናት።

ልብስሽን ማን ይይዝልሻል፣ አልኳት። ባሕሩን አየች።

ሶፋው ላይ መተኛት ከጀመረችበት ከሐሙስ ሲቆጠር ሰባተኛው ቀን ነገ ነው። አባ ካራቫኑ ውስጥ ይቆይ። ልብሷን ይዤ ውሃው ዳር የምቆመው እኔ ነኝ።