በሩ ሲከፈት የሚሰማው ድምፅህ

ለምወድህ ወንድሜ ለባዩ፣

እንደምን ሰነበትህ? የአገሩ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ትንሣኤስ፣ ትንሹ ሄኖክስ ደኅና ናቸው? እኔና እናታችን እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስልኩ እየተቆራረጠ ከሰላምታ አላሳልፍ ስላለን፣ ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶውን እልክልሃለሁ።

እናታችን እኔ ቢሮ ስውል እየወጣች መናኸሪያ እንደምትገኝ ነግሬሃለሁ። አንበሳሜ አባቷ ቤት መሄዷ ነው፤ አያታችን ካረፉ ስንት ዘመናቸው! አብራት የምትውል ሠራተኛም ብፈልግ የምትበረክት አጣሁ። ለዚህ ብለህ የላክኸው በር ላይ የሚለጠፈው ዕቃ ደርሶኛል። ችግሩ ግን አምና የላክኸው ካሜራ የሌላ ፋብሪካ ነው፤ እኔ ከባሕር ዳር የገዛሁት ስፒከር ደግሞ የሌላ። ሁሉም የየራሱን አፕ ስልኬ ላይ አስጫነኝ እንጂ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። በሩ ሲከፈት ስልኬ ላይ ጽሑፍ ብቻ ይመጣል፤ እኔ ስብሰባ ላይ ሆኜ ሳላየው እሷ ገበያ ደርሳለች።

ቢቸግረኝ ቴሌቪዥን የሚጠግነውን ይርጋን ቤት አመጣሁት። ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲሰማሙ መሐላቸው የሚሆን አንድ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል አለኝና አስመጣልን። ካሜራውና ስፒከሩ ወዲያው እሺ አሉ፤ የበሩ ግን በአንተ ስም የተመዘገበ ስለሆነ አሻፈረኝ አለ። ያን ቀን የይለፍ ቃልህን በጥድፊያ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር። ሲሠራልን እኔና ይርጋ በሩን እየከፈትን እየዘጋን እንደ ሕፃን ሳቅን።

ከዚያ ይርጋ፣ «በሩ ሲከፈት ስፒከሩ ምን ይበላት? የማታውቀው ድምፅ ያስደነግጣታል» አለኝ። ለፋሲካ የላክህላት የድምፅ መልእክት ስልኬ ውስጥ ነበር። «እምዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ነኝ፣ ባዩ» የምትለዋን ቆርጦ አስገባት።

እውነትም መውጣቱን ተወች። እኔ ቢሮ ሆኜ በካሜራው አያታለሁ። ድምፅህን ስትሰማ ትመለሳለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መቀመጫ ዱካዋን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ፣ «በላህ ወይ ልጄ? ምነው ድምፅህ ሰለለ?» ትልሃለች። ዝም ስትላት ተነሥታ በሩን እንደገና ትከፍተዋለች፤ አንተም እንደገና እንደምን አለሽ ትላታለህ። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ በር መክፈትና መዝጋት ሆነ። እኔም ብሆን ከቢሮ ስገባ «ደኅና ነኝ» ብዬ የመለስሁበት ቀን አለ። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዚህ ቤት የለማ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። በሩን ከፈተች፤ ድምፅህ የለም። ጎረቤታችን እትዬ እመቤቴ ደውለው ቤቱ ባዶ ነው አሉኝ። ከእሳቸው ጋር በባጃጅ ስንዞር ቆይተን በጋፋት መንገድ አገኘናት፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል። እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ «ባዩ ሳልሸኘው ሄደብኝ፤ ስንቅ እንኳ ሳልቋጥርለት» እያለች አለቀሰች። እኔም መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስሁ።

በማግሥቱ ይርጋን ጠርቼ ድምፅህን አስወጣሁት፤ እንዳትቀየመኝ። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ባትሪ ገጠመልን። አሁን በሩ ሲከፈት የሚናገረው የእኔ ድምፅ ነው፤ «እምዬ፣ ግቢ፤ መጣሁ» ይላታል። እሷም ሰምታ ትመለሳለች። ትናንት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ነፋስ በሩን ከፈተውና ድምፄ ተሰማ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይቺ የምትጠራኝ ሴት የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። «የአንቺ ናት» አልኋት። ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «ታዲያ ለምን ብቻዬን ትተወኛለች?» አለች። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ባዩ ወንድሜ፣ ሌላ ዕቃ አትላክ። ይርጋ እንዳለኝ በስፒከሩ በቀጥታም መነጋገር ይቻላል። መስመር ባለ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደውልና፣ በላህ ወይ ስትልህ መልስላት። ከእሷ ስትጨርስ እኔንም ጥራኝ፤ ወሬ ባይኖርህም ግድ የለም።

ትንሣኤን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። ሄኖክን ግንባሩን ሳምልኝ። እትዬ እመቤቴ ከነቤተሰባቸው ሰላም ይሉሃል። እናታችን አሁን አጠገቤ ናት፤ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስምህን ነግሬያታለሁ፤ ፈገግ ብላለች።

እኅትህ ገነት
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.