አጥሩ ሳይሰማ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። ይህን ደብዳቤ በር ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው። ወደ አገር ቤት በምትመጣው በጓደኛዬ በልደት እጅ የላክሁልሽ በስልክ ብነግርሽ ጩኸትሽ አጥር ዘሎ እትዬ ጣይቱ ጓዳ ስለሚገባ ነው። አሁንም እባክሽ አትጩኺ።

እማዬ፣ የእትዬ ጣይቱ ልጅ መሳይ ሞቷል።

እዚህ ፒኜቶ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ያገራችን ሰዎች የሚኖሩበት ሕንፃ መቃጠሉን በዜና ሰምተሻል። ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ቢሆን ኖሮ እረፍቴ ነውና እኔም እዚያው እሆን ነበር። አስከሬኑን የለየሁት እኔ ነኝ። ከእሳቱ የተረፈው ስልኩም እኔ ጋ ነው። እናቱ ሲደውሉ አነሳሁና ተኝቷል አልኳቸው። ድምፄን አላወቁትም፤ ሲነሳ ይደውልልኝ ብለው ዘጉት። ለእናት መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ታዲያ ምን ልበል? ከዚያ ወዲህ ሲጠራ እያየሁ አላነሳውም።

የተረፉት አንድ አዳራሽ ውስጥ ተኝተዋል፤ ባለሥልጣኖቹ በየፊናቸው ሊበትኗቸው ነው። የጠዋት የሩጫ ልምምዴ አሁን ወደ ሆስፒታል ሆኗል። ለቆሰሉት ልብስ አደርሳለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ ከዚያ ተቀጥሬ የምጦራቸውን አሮጊት ቁርስ ላበላ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ይህችን ከተማ እንደምወዳት ታውቂያለሽ። ሰሞኑን ግን ጭሷ ከአፍንጫዬ አልወጣ አለኝ።

እሁድ የከተማው ሩጫ አለ። የሟቾቹን ፎቶ ደረታችን ላይ አድርገን እንሮጣለን። እኔ ፎቶው ይቅር ብዬ ተከራክሬ ነበር። ከእሳቱ የወጡት ጋሽ አሸብር ግን ፊቱ ያልታየ ሰው ቶሎ ይረሳል፣ እኛም አብረን እንረሳለን አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መሳይን የምይዘው እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን ያሳየናል፣ ፌስቡክም ወዲያው ሰፈር ያደርሰዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ላይ የእትዬ ጣይቱን የንስሐ አባትና የእድሩን ሰዎች ይዘሽ ቤታቸው ሂጂ። አዎ፣ አንቺ። ለአንድ ክንድ አጥር ብላችሁ ስንት ዓመት ተኳረፋችሁ። እኔና መሳይ እናንተን ፈርተን ስንቱን እንደደበቅን ግን አታውቁም። ተናድጄባችኋለሁ እማዬ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲያረዳቸው አልፈልግም። ቀድመሽ ግቢ፣ እጃቸውን ያዢ፣ ደረት ሲመቱ ከልክያቸው። ቢያባርሩሽም እንዳትወጪ።

እሁድ ሹሩባዬን ተላጭቼ ብታዪኝ አትደንግጪ። ለጎረቤት ልጅ ይህን ያህል ይኮናል ወይ የሚልሽ ካለ መልስ አትስጪው። እትዬ ጣይቱ ራሳቸው ከጠየቁሽ ግን፣ ያኔ አንቺም ገብቶሻልና ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ጉልበትሽን አጽንቶ ደጃቸው ያድርስሽ። መጽናናቱን ለሁለታችሁም ይላክላችሁ።

የሁለታችሁ ልጅ