በጎቹ ሲወልዱ የሚዘጋው መንገድ

ውድ ሞሪን፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽ በስልክ «እማዬ ደረጃ መውጣት ጀምራለች» ስትለኝ ደስ አለኝ። አንቺ የናፈቀሽ ግን ደረጃ ሳይሆን የእኛ ዳገት እንደሆነ አላጣሁትም። እዚህ ዌልስ ዝናቡ አላባራም። በጎቹ መውለድ ስለጀመሩ መንገዱ ተዘግቷል፤ ይህን ስጽፍልሽ አንድም ሞተር አይሰማም።

መጀመሪያ ያየሁሽ ቀን ምን ያህል ተናድጄ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። አንቺና ሞተረኞችሽ ከበርሚንግሃም እየመጣችሁ እሁድ እሁድ በግቢዬ መሀል ስታልፉ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በዚያ ሳምንት ግን አንዲት እርጉዝ በጌ በድምፃችሁ ደንብራ ከድንጋይ ካቡ ጋር ተላትማ ጨንግፋለች። ስለዚህ ትራክተሬን መንገዱ ላይ አግድም አቁሜ ጠበቅኳችሁ።

ከፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሞተሩን አጥፍተሽ ሄልሜትሽን ስታወልቂ ሽበትሽ ብቅ አለ። ጎረምሳ ስጠብቅ ነበርና ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ላይ ቀረ።

«ሰውዬ፣ የተበላሸው ትራክተሩ ነው ወይስ አንተ?» አልሽኝ።

«ግልገሌን ገደላችሁብኝ» አልኩሽ።

ፈገግታሽ ጠፋ። «የት አለ? አሳየኝ።»

አሳየሁሽ። ዝናቡ እየወረደብሽ ጎንበስ ብለሽ አየሽው። ከዚያ ቀና ብለሽ፣ «በጎችህ የሚወልዱት መቼ መቼ ነው?» አልሽኝ።

«መጋቢትና ሚያዝያ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን?»

አንቺም ሳቅሽ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ትራክተሩን ያነሳሁት ያኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው የጎረቤቴ የኢድዋል ነገር ነበር። መጠጥ ቤት ተቀምጠን፣ መታጠፊያው ላይ ከዛፍ ዛፍ ሽቦ መወጠሩን እየሳቀ ነገረኝ። የወጠረው በአንገት ቁመት ልክ ነበር። ብርጭቆዬን ትቼ ሮጬ ሄጄ ቆረጥኩት። ስነግርሽ ፖሊስ ትጠሪያለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን በቀጥታ ሄደሽ በሩን አንኳኳሽ።

«አንገቴን ልትቆርጥ የፈለግከው አንተ ነህ? በል፣ ፊቴን እያየህ ንገረኝ!»

ኢድዋል ያን ሁሉ ቁመት ይዞ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። «እናቴ ታማ ተኝታለች» አለ በመጨረሻ። «ሞተር በሰማች ቁጥር ትጮኻለች። እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰው ከመግደል በፊት ሌላ ነገር ታደርጋለህ፤ ትነግረናለህ!» ብለሽ ጮኽሽበት። ቀጥለሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «እናትህ ስማቸው ማነው?» አልሽው። «ሄልድ» አለሽ። ገብተሽ ከሄልድ አልጋ አጠገብ ተቀመጥሽ፤ ስትወጪ ኢድዋል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ሞተረኞችሽ በሙሉ በኢድዋል ደጅ ሲደርሱ ሞተራቸውን አጥፍተው በእጃቸው ገፉ። ያን ከባድ ብረት ዳገት ላይ! አንዱ ወፍራም ጓደኛሽ እያለከለከ፣ «ሞሪን፣ እኔ የገዛሁት እኮ ልነዳው ነው!» ሲል፣ «ግፋ፣ ቦርጭህ ይቀንሳል» አልሽው። ኢድዋል በመስኮት እያየ ነበር። በጎቹ በሚወልዱበት ጊዜ መንገዱ ይዘጋ የሚለውን ያኔ ተስማማን፤ እናንተም በጫካው በኩል ዞራችሁ ለመሄድ ቃል ገባችሁ።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝን ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ የማናውቃቸው ጎረምሶች በሞተር መጡ። ኢድዋል ቀድሞኝ መንገዱን የዘጋንበት በር ጋ ደርሷል። ሊደባደብ ነው ብዬ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ስደርስ በጣቱ የጫካውን መንገድ እያሳያቸው ነው።

«እዚህ በጎች እየወለዱ ነው፣ ልጆች። በዚያ ዙሩ፤ ከዚህም የባሰ ጭቃ አለው፣ ደስ ይላችኋል።»

አንደኛው ተጠራጥሮ፣ «አንተ ደግሞ የማን ወገን ነህ?» አለው።

ኢድዋል ጭንቅላቱን አከከ። እኔን አየኝ። «የሞሪን» አለ።

ልጆቹ ሞሪን ማን እንደሆነች አልጠየቁም፤ አመስግነው ዞሩ። እኔና እሱ በሩ ላይ ተደግፈን ድምፃቸው እስኪጠፋ ቆምን።

ሞሪን፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ሞተር አትነጂም እንዳለሽ ሰምቻለሁ። አዝኛለሁ። ግን ወደዚህ ለመምጣት ሞተር ምክንያት መሆን የለበትም። ሚያዝያ ሲያልቅ በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ወጥ መሥራት አልችልም፣ ሾርባዬ ግን አይታማም። ጓደኞችሽ እሁድ ይምጡ።

አንቺ ቅዳሜ ነይ።

የአንቺው፣
ኤምሪስ