ድንጋይ የተሸከምሽለት ጤና ጣቢያ

ዘይነባዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ በቀበሌያችን ሞልቶ ተርፏል።

የቤታችን ለውጥ ትንሽ ነው። ልጃችን ሰዓዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ የኩሽናውን ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሳዋለች። የመንግሥት ለውጥ ግን ትልቅ ነው፦ ጤና ጣቢያው እንደገና ቀለም ተቀባ። ሐኪም የለውም። ግድግዳው ያክማቸዋል ብለው ይሆናል።

ያ ካድሬ ሐኪሞች በዕጣ ለገጠሩ ሊደለደሉ ነው ሲለን፣ ከፊት ተቀምጠሽ እንዴት እንዳጨበጨብሽ ትዝ ይለኛል። ጤና ጣቢያው በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራ ሲባል ከወንዙ ድንጋይ በጀርባሽ ስታመላልሺ ከረምሽ። ስስቅብሽ ተቆጣሽኝ። ዕጣ የወጣበት ዶክተር ለምርቃቱ መጣ፤ ዱዓ አደረግንለት፣ ሙክት አረድንለት። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ተነሣና በባለሥልጣኖቹ መኪና አብሮ ሄደ። በልጁ አልፈርድም። መድኃኒት የለ፣ መብራት የለ፣ ማደሪያ የለ። ግዴታህን ሳትጨርስ ዲፕሎማህን አንሰጥም ቢሉት፣ ዲፕሎማውን ትቶላቸው ጠፋ አሉ።

ሆድሽን ሲያምሽ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንኩሽ። ድንጋይ ተሸክሜ የሠራሁት እያለ የሰው ደጅ አልጠናም አልሽ። እነዚያ የቀበሌ ሰዎችም ዶክተሩ በሚመጣው ሳምንት ይመለሳል ይሉሽ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እልኸኛነትሽን ስወደው ኖሬ ያን ጊዜ ጠላሁት። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመንሽ ወጣን፤ ደሴ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረሽብኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ ፖሊሲ መጥቷል። ሐኪም በብዛት እያመረትን ነው ይሉናል፤ እንደ አቡጀዲ በጣቃ የሚወጣ ይመስል። የተመረተው የት እንደሚገባ አይጠየቁም። እሑድ ከደሴ ትልልቆቹ ይመጣሉ፤ ከየአንድ ለአምስቱ አንድ የጤና አገልግሎት ተጠቃሚ ምስክርነት ይስጥ ተብሎ፣ አንደበቱ ይጣፍጣል ብለው እኔን መረጡኝ። እንዴት አድርጌ እንደማመሰግን እንደ ሕፃን አስጠኑኝ። አያፍሩም። እሺ አልኳቸው።

ሰዓዳ ፈርታለች፤ ሥራዬን ያስለቅቁኛል ትላለች። እኔም አልፈራም አልልሽም። ግን እሑድ እነሣለሁ። ስምሽን ከነአባትሽ ስም እጠራለሁ፤ ሐኪም ስትጠብቂ እንደሞትሽ ተናግሬ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ እንዳሻቸው ይገምግሙኝ። እኔ አልረሳሽም ዘይነባዬ፤ እነሱም እንዲረሱሽ አልተዋቸውም።